የሃልስ ቤት ሙታን

ሃልስ የሚባል ሰውዬ ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ሲወልድ ኖረ። ቀልድ አይደለም፤ በዓይኔ አንብቤዋለሁ። በ1690 ጆን ሃልስን ወለደ። በ1742 ቶማስ ሃልስን ወለደ። በ1803 ሮበርት ሃልስን፤ በ1888 ደግሞ፣ ጉድ ነው መቼም፣ መንታ ወለደ። ያርሳል፣ ላም ያልባል፣ አጥር ያጥራል፤ በተረፈችው ጊዜ ይወልዳል። ይህን ለክፍሌ ልጆች ሳወራ አንዱም አላመነኝም። ሌላ ጊዜ ባያምኑኝ ደግ አደረጉ፤ ያን ጊዜ ግን የምናገረው ከልቤ ነበር።

ምን ላድርግ? ሔቨን ተስፋዬ ስባል ተስፋዬ አባቴ ነው፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ፎቶ ሆኖ የማውቀው። ጆን ሃልስ ከተባለ እንግዲህ ሃልስ አባቱ ነው። እንግሊዞች አንዱን ስም እንደ ብረት ድስት ከአያት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ ሲያወርሱ እንደሚኖሩ ማን ነገረኝ? እኛ ቤት ስም አይወረስም። እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው በፈረንጅ 2011 ነው፤ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ በረዶው ገና አልለቀቀም። ወረቀቴ እንደሚለው አስራ አንድ ዓመቴ ነው። እማዬ፣ ዘርፈሽዋል፣ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደች ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒት ታስታውሳለች። ቅዳሜና እሁድ የሚደርሷት ሎውሪ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ሚስ ዊኒ ነበሩ። ልጅ ይዞ ሥራ መግባት ክልክል ነው። ሚስ ዊኒ ግን ማንበብ የምችል መሆኔን ሲሰሙ፣ አምጪያት፣ ለሚጠይቅሽ እኔ መልስ እሰጣለሁ አሏት።

ሚስ ዊኒ የሰማንያ ሰባት ዓመት ሴት ናቸው። የተወለዱት ኖርፎክ፣ እንግሊዝ ገጠር፣ ገበሬ ቤት ነው። በጦርነቱ ጊዜ አንድ አሜሪካዊ የአየር ኃይል ወታደር አገባቸውና ይዟቸው መጣ፤ ሎውሪ የጦር ሰፈር በነበረበት ዘመን ነው። ሰፈሩ ፈረሰ፣ ባልየው ሞተ፣ እሳቸው ከቀይ ጡብ ቤታቸው ጋር ቀሩ። ዓይናቸው መሀል መሀሉ ጠፍቷል። ሰው ሲያዩ ጠርዙ እንጂ ፊቱ አይታያቸውም፤ ስለዚህ የሚያናግሩትን ሰው ትተው ጆሮውን ያያሉ።

እኒህ ሴት ሳይሞቱ ሊጨርሱት የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበራቸው። የእርሻ ቤታቸውን፣ የሃልስን ቤት ሰዎች፣ ማን ከማን ተወለደ፣ ማን መቼ ተጠመቀ፣ ማን የት ተቀበረ፣ አንድ ሳይቀር መዝግበው መጽሐፍ ማድረግ። እንግሊዝ ያለችው የወንድማቸው ልጅ የገጠሩን ቤተ ክርስቲያን መዝገብና የድሮ ኑዛዜዎችን ፎቶ እያነሳች በኢሜይል ትልክላቸዋለች። እኔ ከኮምፒውተሩ አነባለሁ፤ ከዚያ በወፍራም ጥቁር ማርከር ለአንድ ሰው አንድ ካርድ እጽፋለሁ። እሳቸው ካርዱን ፊደል በሚያጎላው ማሽናቸው ስር ያስገቡትና፣ እያንዳንዱ ፊደል ቡጢ አክሎ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ፣ አንገታቸውን አዘንብለው በጠርዝ ያዩታል። ከዚያ ወደ ጫማ ካርቶን። አንድ ካርቶን፣ አንድ ቤተሰብ።

የመዝገቡ ጽሑፍ ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት ይመስላል። ቢሆንም ለመድኩት። ኑዛዜዎቹን እወድ ነበር፤ ለሚስቴ ለሳራ የላባ ፍራሹንና ቀይዋን ላም፣ ለዊልያም ማረሻውን፣ ለታናሹ ቦት ጫማዬን፣ እግሩ ከደረሰ፤ እንዲህ እያሉ ነው የሚሞቱት። ሲሰለቸኝ ደግሞ ከራሴ እጨምራለሁ። ቶማስ ሃልስ፣ በዝይ ተነክሶ ሞተ። ሜሪ ሃልስ፣ ጉድጓድ ውስጥ ጨረቃ አይታ ልታወጣት ስትል ገባች። ሚስ ዊኒ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ይስቁና፣ የኔን ሰዎች ለብቻ ካርቶን አስገቧቸው። የዝይ ሣጥን ይሉታል። የሃልስ ቤት ውሸታም አጥቶ አያውቅም፣ አንቺም ቦታ አለሽ አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ አን ሃልስ ላይ ደረስን።

አን ሃልስ፣ 1786 ተጠመቀች። አን ሃልስ፣ 1788 ተቀበረች። ካርድ ጻፍኩ። ቀጥሎ፣ አን ሃልስ፣ 1789 ተጠመቀች። ያው አባት፣ ያቺው እናት። 1790 ተቀበረች። እጄ ቆመ። ቀጥሎ፣ አን ሃልስ፣ 1794 ተጠመቀች። 1805 ተቀበረች፣ በአስራ አንድ ዓመቷ።

 ሚስ ዊኒ ቀጥዪ እንጂ አሉኝ።

«ሚስ ዊኒ፣ ይቺ ልጅ እየሞተች ትነሣለች።»

ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ተዉት። አን ጥሩ ስም ነበር፣ የአያትየው ስም ነበር አሉ። አንዷ ስትሞት ስሙን ለምትቀጥለው ይሰጧታል። እሷም ከሞተች ለሦስተኛዋ። እርሻ ቤት የሚጣል ነገር የለም፣ ስምም ቢሆን። እንዲህ ነገሩኝ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። ስሙ ሲሰጥ ልጅቷም አብራው የምትመጣ መሰለኝ።

«እኔም እንደዚያው ነኝ» አሉ ሚስ ዊኒ። «ከኔ በፊት ዊኒፍሬድ የምትባል ነበረች፤ በሦስት ዓመቷ በኩፍኝ ሞተች። እሁድ እሁድ እናቴ አበባ ታስይዘኝና አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጥ ነበር። ፊደል ስለይ አነበብኩት። ስሜ ነው።»

ወጥ ቤት የሚፈሰው ውሃ ተዘጋ። እማዬ እጇን እንኳ ሳትጠርግ መጣች። ምን አሉ አለችኝ። አሁን ሳስበው ሰምታለች፤ እንግሊዝኛዋ ለዚያ አያንስም ነበር። ያን ጊዜ ግን ያልገባት መስሎኝ አንድ በአንድ ተረጎምኩላት። ስለ መቃብሩ፣ ስለ አበባው፣ በድንጋይ ላይ ስለተጻፈው ስም። እማዬ የሚስ ዊኒን ወንበር መደገፊያ ያዘች። ውሃው ከጣቷ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ጠይቂልኝ፣ ሚጣ። ያቺ የመጀመሪያዋ አትቀየምም ወይ በያቸው።»

ጠየቅኩ። ሚስ ዊኒ ወደ እማዬ ጆሮ ዞሩ።

«ሟቿን አላውቃትም» አሉ። «እናቴን ግን አውቃታለሁ። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። እስክትሞት ድረስ ልጅት ነበር የምትለኝ።»

ይህንንም ተረጎምኩ። እማዬ እርጥብ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እርስዎስ? እርስዎ እናትዎን ተቀይመዋል ወይ በያቸው።»

መልሱን እንደ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝና። «በስሙ አልተቀየምኩም። ሳትነግረኝ በመቅረቷ ነው። ድንጋዩን ሳነብ ለኔ የተዘጋጀ መሰለኝ። ዓመት ሙሉ ተራዬን ስጠብቅ ኖርኩ፤ የሚያስረዳኝ አልነበረም።»

እማዬ አንገቷን ነቀነቀች፣ ወጥ ቤት ተመለሰች፣ ውሃውን ከፈተች። መናፍስት ትፈራለች አልኩ በልቤ። ትንሽም ደስ አለኝ፤ እናቱ የምትፈራውን ነገር ያወቀ ልጅ ሀብታም ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ፒዮሪያ ጎዳና ላይ ካለው ሕንፃችን ፊት ፓርክ አደረገች፣ ግን አልወረደችም። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ዓይኔን ጨፍኜአለሁ። የመተኛት ጥበብ አለኝ፤ ምራቄን ሁሉ አዝረበርባለሁ። ስልክ ደወለች። ድምፁ የአክስቴ የብርቅነሽ ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው የእማዬ ታናሽ እህት፣ በደወለች ቁጥር ጥርሴን የምትጠይቀኝ። ከፊት ያለችው ኩርባ የት ደረሰች፣ ተነቃነቀች ወይ፣ ትለኛለች። እንደሷ ለጥርስ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

የእማዬ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሙሉውን አልሰማሁም። የሰማሁት ይኼን ነው።

«ሔቨንን የካ ጥያት መጣሁ፣ ብርቄ። አፈር አልብሼ በሳምንቱ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ነጠላዬን እንኳ ሳላዘቀዝቅ።»

ከዚያ አክስቴ አንድ ነገር አለች። እማዬ፣ «ይቺማ ምን ታውቃለች፤ ተኝታለች» አለች። ቀጥለው ስለ ጥርስ አወሩ። የጥርስ ሐኪሙ ይገርመዋል፣ አሁን ገና ነው የሚወልቀው አለች እማዬ።

በዚያች መኪና ውስጥ፣ ምራቄ ጉንጬ ላይ እየወረደ፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ሔቨን እኔ ነኝ። ሔቨን የካ ተቀብራለች። እንግዲያውስ እኔ ሞቼ የተነሣሁ ልጅ ነኝ፤ ልክ እንደ አን። ማስረጃውም ሞልቷል። ከክፍሌ ትንሿ እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት የምታንስ ትመስላለች ይላሉ መምህሬ። አፈር ውስጥ የቆየ ሰው መች ያድጋል? ጥርሴም ገና ነው። የሕፃንነት ፎቶ የለኝም። ደግሞ እማዬ ሔቨን ብላ የምትጠራኝ ቢሮ መስኮት ፊት ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ ሚጣ ነኝ። የሟች ስም በቤት ውስጥ ማን ይጠራል?

ከዚያ ቆጠርኩ። ሦስተኛዋ አን በአስራ አንድ ዓመቷ ተመለሰች። እኔ አስራ አንድ ነኝ። ኤፕሪል ዘጠኝ አስራ ሁለት እሞላለሁ። ከዚያ በፊት ሊወስዱኝ ነው።

መሞቱ ራሱ ያን ያህል አላስፈራኝም፤ አንድ ጊዜ የሄዱበት መንገድ ነው። ለክፍሌ ልጆችም ነገርኳቸው። ምን ይመስላል አሉኝ። ጎረቤት ከተማ፣ ኮሜርስ ሲቲ እንዳለው መጋዘን ነው አልኩ፤ ሰፊ ነው፣ ይበርዳል፣ ስምህን የሚያውቅ የለም። ዛሬ እዚያው መጋዘን ነው የምሠራው፤ ብዙም አልዋሸሁም። ያስፈራኝ እማዬ ናት። እኔ ከሄድኩ ከመንግሥት የሚመጣውን ደብዳቤ ማን ያነብላታል? ማን ይተረጉምላታል? ሥራ ውላ ስትመጣ ማን በሩን ይከፍትላታል? ብቻዋን ትቀራለች። አምስት ሳምንት ሙሉ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ፤ ቢመጡ እንድሮጥ። እማዬ ስትጠይቀኝ ስፖርት ነው አልኳት።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከእማዬ ጋር በየቢሮው ተሰልፌ ካደግኩበት እውቀት ነው። አንድ ፎርም ሁለት ጊዜ አይገባም። መስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ኮምፒውተሩን አይቶ፣ ይኼ ተመዝግቧል፣ ሂጂ ይላል። ሞትም ቢሆን ቢሮ ነው። ተቀብራለች ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ የሚቀብር የለም።

ልደቴ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ፣ ካርድ አነሳሁና በጥቁር ማርከር ጻፍኩ። ሔቨን፣ በአስራ አንድ ዓመቷ፣ ተቀበረች። በሦስቱ አኖች መሀል ሸጎጥኩት።

ሚስ ዊኒ ያን ቀን ካርዶቹን እንደገና ማየት ፈለጉ። አንድ በአንድ ማሽኑ ስር ያስገባሉ። አን። አን። እማዬ ሾርባቸውን በትሪ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። ቀጣዩ ካርድ ገባና ስሜ ስክሪኑን ሞላው፤ ነጭ በጥቁር፣ ፊደሉ ቡጢ ቡጢ የሚያክል። እማዬ የእንግሊዝ ገበሬዎችን ስም ባታነብ ያንን ስም ታነባለች። ስንት ፎርም ላይ በእጇ ሞልታዋለች።

ትሪውን አልጣለችውም። ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ማንኪያውን አስተካከለችው፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ራሴ ደረስኩበት። የካ ያለውን አውቃለሁ።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችው። ሲቆይ ከእጆቿ ስር ማውራት ጀመረች። አስራ አንድ አይደለም አለች፤ አራት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ገንፎ በላች፣ ተጨማሪ ስጪኝ አለች፣ ከሰዓት ትኩሳቱ ጣላት፣ በሦስተኛው ቀን የለችም። ፎርሙ ላይ ስሟ ገብቶ ነበር። ቪዛው በስሟ መጣ። ቀኑ እያለፈ ነበር። ምን ላድርግ፣ ሚጣ፣ አለችኝ፤ እንደ ትልቅ ሰው፣ መልስ እንዳለኝ።

እሷ፣ እሷ እያለች ስታወራ አልገረመኝም። ስለ ሞተችው እኔ እንዲያ መነገሩ ትክክል መሰለኝ፤ እኔም ያቺኛዋን እኔን አላውቃትም። የጠየቅኳት የሚያስጨንቀኝን ብቻ ነው።

«ተመልሼ እሄዳለሁ?»

እጇን ከፊቷ አወረደች። «ሬሳዬን ረግጠው ካልሆነ ማንም አይወስድሽም።»

እሷ ስለ ኢሚግሬሽን ነው፤ እኔ ስለ ሞት ነው። ሁለታችንም ግን ተግባባን፤ ሄጄ አንገቷ ስር ገባሁ።

ሚስ ዊኒ አማርኛ አይሰሙም። ካርዱን ከማሽኑ አወጡና በጣታቸው ዳሰሱት፤ ይኼ የዝይ ሣጥን ነው ወይ ብለው ጠየቁ። መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት እማዬ ቀደመችኝ፤ በራሷ እንግሊዝኛ።

«ኖ። ሪል።»

ሚስ ዊኒ ሌላ አልጠየቁም። ካርዱን ከአኖቹ ጋር አስቀመጡት፤ ግን መጀመሪያ እማዬ ከለከለችና ቁጥሩን አስተካክይው አለችኝ። አስራ አንዱን ሰርዤ አራት ጻፍኩ።

እውነቱን የነገረችኝ በወረቀት ሃያ አንድ፣ በአጥንቴ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ነው፤ የአንድ ቢሮ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሞተር ሳታጠፋ። ሔቨን የሷ ልጅ ነበረች። እኔ የብርቅነሽ ነኝ፤ የዚያች ጥርሴን የምትጠይቀኝ አክስት። ልጅዋ ከተቀበረች በሳምንቱ፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆነኝን እኔን ታናሽ እህቷ አስታቀፈቻት፤ አንዷ እንኳ ትሂድ ብላ። የሕፃን ፎቶ ሁሉም አንድ ይመስላል። አውሮራ ስንደርስ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው በሙሉ ሔቨን እንዴት ናት፣ ሔቨን አደገች ይላል። እማዬ ጥቁር ልትለብስ አትችልም። ሙት ዓመት ልታወጣ አትችልም። ልጄ ሞተችብኝ የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሰው መናገር አትችልም፤ ልጅቷ እዚያው አጠገቧ ቆማ ማስቲካ ታኝካለችና። የተወለድኩበትን ስሜንም ነገረችኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም፤ እስከ ዛሬ ፎርም ላይ ያልገባ ብቸኛ ንብረቴ ነው።

በአስራ ሁለተኛው ልደቴ ቀን አልሞትኩም። ሰው ሁሉ ኬክ ይበላል፤ እኔ በሩን አያለሁ። ሲመሽ የሞትን ቢሮ አታለልኩት ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ።

ሜይ መጀመሪያ ላይ ሚስ ዊኒ ሞቱ፤ ወንበራቸው ላይ፣ ካርቶን አቅፈው። ተራዬን የወሰዱልኝ እሳቸው መሰሉኝ፤ ገና ዛሬም አንዳንዴ ይመስለኛል። ከሥራ የደወሉላት ሴትዮ ይህን ሲነግሯት እማዬ ስልኩን ዘጋች፣ ቁም ሣጥን ከፈተች፣ ነጠላዋን አውጥታ አዘቀዘቀችው። ጥለቱ ፊቷ ጋ መጣ። ከዚያ ፍራሹን መሬት አውርዳ ተቀመጠችና ጮኸች። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሷ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤት የሆኑ ሜክሲኮዎች ሳይቀሩ በር አንኳኩ።

ለቅሶ መሆኑ ሲሰማ ሰው መጣ። በሦስተኛው ቀን፣ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሞላ። ወይዘሮ ፀሐይ የማኅበሯን ሴቶች አስከትላ፣ ንፍሮ በትልቅ ጎድጓዳ ሰሀን ይዛ ገባች። ወይዘሮ ፀሐይ ፒዮሪያ ላይ ሱቅ አላት፤ የማን ልጅ ስንት አመጣ፣ የማን ባል የት ዋለ፣ ከሷ የሚያመልጥ የለም። ጥግ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ሟቿ ማን እንደሆኑ ይጠያየቃሉ። የምታስታምማቸው ፈረንጅ ናቸው አለ አንዱ። ስንት ዓመታቸው ነው? ሰማንያ ሰባት። ታዲያ ይኼ ሠርግ ነው እንጂ ለቅሶ ነው እንዴ፣ አለ ሌላው፤ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ሴቶቹም ለወግ ያህል ከንፈር ይመጥጣሉ። ለአሠሪ እንዲህ ይለቀሳል ወይ የሚል ነገር በዓይን ሲተላለፍ አየሁ።

እማዬ ግን አላየችም። ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘች፣ ደረቷን እየመታች፣ የሚወጣው ቃል አንድ ሆነ። አራት ዓመቷ። አራት ዓመቷ ነበር። ገንፎ በልታ። አራት ዓመቷ።

 የወንዶቹ ሳል ቆመ።

«ዘርፌ» አለች ወይዘሮ ፀሐይ፣ በለሆሳስ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ፤ «አራት ዓመት የሆናት ማናት?»

እማዬ ቀና አለች።  ዓይኗ ተንከራትቶ እኔ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ ሁሉም ወደኔ ሊዞሩ ነው፤ የሞተችው ልጅ እኔ መሆኔን ሊያውቁ ነው፤ ሊመልሱኝ ነው፤ እማዬ ብቻዋን ልትቀር ነው። በር ጋ ከተቀመጥኩበት፣ ንፍሮዬን በጭብጤ እንደያዝኩ፣ ተነሣሁ።

«ሚስ ዊኒ ልጅ ነበረቻቸው» አልኩ። «እንግሊዝ እያሉ፣ እርሻ ቤት። አራት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ገንፎ በላች፣ ተጨማሪ ስጪኝ አለች፣ ከሰዓት ትኩሳት ጣላት፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ቀበሯትና በሳምንቱ ወደ አሜሪካ ተሳፈሩ። ማንም አላለቀሰላትም። እዚህ ሲመጡም ለማንም አልተናገሩም፤ ለእማዬ ብቻ ነው የነገሯት።»

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። እንደዚያ ሳልንተባተብ የዋሸሁበት ቀን ግን የለም።

ወይዘሮ ፀሐይ የያዘችውን ሰሀን መሬት አኖረች። ፊቷ ላይ የነበረው መርማሪ ወርዶ ሌላ ሴት መጣች። ሳይለቀስላት ነው የሄደችው፣ አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለራሷ። ከኋላዋ ያሉት ሴቶች፣ ወይኔ፣ ወይኔ እናቲቱ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሆዷ ይዛ፣ ማለት ጀመሩ። በእኛ ሰው ዘንድ ሰማንያ ሰባት ዓመት ኖሮ መሞት ወግ ነው። ሳይለቀስለት አፈር የገባ ልጅ ግን ዕዳው የሰማ ሁሉ ነው።

«ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ ወይዘሮ ፀሐይ። «በስሟ እንድናለቅስላት።»

እኔ ስም አጥቼ አላውቅም። በዝይ ለተነከሰው፣ ጨረቃ ልታወጣ ለገባችው፣ ለሁሉም ስም አለኝ። ያን ጊዜ ግን አንድም አልመጣልኝም።  የመለሰችው እማዬ ናት።

«ሔቨን።»

«እንደ ልጅሽ?»

«እንደ ልጄ።»

ወይዘሮ ፀሐይ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሴቶቹ ተከተሏት። ከዚያ ደረቷን መታችና አወረደችው፤ ሔቨንዬ፣ የአራት ዓመቷ፣ ገንፎሽን ሳትጠግቢው፣ የሰው አገር ሲሉሽ የአፈር አገር የሄድሽው። ሃያ ሴት ተቀበላት። ወንዶቹም ተነሥተው ቆሙ፤ ያ ስለ ሠርግ ያወራው ሰውዬ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል። ስሜ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፤ እኔ ደግሞ እዚያው መሀል ቆሜ ስንዴና ባቄላ አላምጣለሁ። ለራሴ የሚለቀስ መስሎኝ ስለነበር፣ እንዴት አድርገው እንደወደዱኝ ገረመኝ።

እማዬ አብራቸው ጮኸች፤ እስኪበቃት። መውጣት የጀመሩት ሲመሽ ነው። አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ይስሟታል፤ እግዜር ያጽናሽ ይሏታል፤ ለሚስ ዊኒ ሳይሆን ልጅ ለሞተባት እናት እንደሚባለው። እሷም አሜን ትላለች፣ ለእያንዳንዳቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

ሁሉም ሲሄዱ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ ጭብጤን በጣቶቿ ከፈተችው። ላብ ያራሰው አንድ ባቄላ ቀርቶ ነበር። አንስታ በላችው። ሦስት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም ነበር።